ዐሥራ አንዱ እሴቶች እና አሸዋ ሜዳ

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ኢትዮጵያዊ ዐሥራ አንዱን እሴቶች አይረሳቸውም። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት መገንባት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ ማኅበረሰባዊ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ 9ኛ ክፍል ላይ በእነዚህ ዐሥራ አንድ ምዕራፎች ይከፈላል፤ 10ኛም ላይ እነዚሁ ናቸው፤ 11ኛም፣ 12ኛም። ተማሪው በየዓመቱ ክፍል ይቀይራል፣ ምዕራፎቹ ግን ከነቅደም ተከተላቸው ይጠብቁታል። ለፈተና ብለን ሸምድደናቸዋል፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቀስቅሰው ቢጠይቁን አንስታቸውም።

ዝርዝሩን አሁን ደግሜ ሳነበው የሚያስቆመኝ የሌለው ነገር ነው። ቁጠባ የራሱ ምዕራፍ አለው፤ ሰላም የለውም። ታታሪነት አለ፤ ዕርቅ የለም። አገር መውደድ አለ፤ ጎረቤት የሚባል ሰው ግን ምዕራፍ አልተሰጠውም። መቻቻል ቢነሳ በእኩልነት ሥር እንደ ንዑስ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ይሄ መጽሐፍ የተጻፈው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ አብዮት፣ ቀይ ሽብር፣ የእርስ በርስ ጦርነትና ስደት ላየ አገር ነው።

የመማሪያ መጽሐፍን ማንም እንደ ድርሰት አይተቸውም። ልብ ወለድ ሲወጣ ሂስ ይጻፍበታል፣ የግጥም መድበል ሲመረቅ አዳራሽ ይሞላል። ከሁሉም በላይ የሚነበበው፣ ሚሊዮን ልጆች በግድ የሚያነቡት መጽሐፍ ግን ከትምህርት ባለሙያዎች ሪፖርት ውጭ አንባቢ የለውም። እኔ እዚህ የምሞክረው ያንን መጽሐፍና በዙሪያው ያለውን ትምህርት ቤት እንደ አንድ ድርሰት ማንበብ ነው፤ የማነብበትም ቦታ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ደም ከፈሰሰ በኋላ ትምህርት ቤት ሰላም ይገነባል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከተሞቹ

ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ነው። ሦስቱም አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ይዘዋታል። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያዋ ከተሞች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተባሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረችውን ሁሉ ሲቀበሉ ኖረዋል፦ ከጋሞ የመጣውን ሸማኔ፣ ከጉራጌ የመጣውን ነጋዴ፣ ከጎጃምና ከሸዋ የመጣውን የቀን ሠራተኛ፣ ፋብሪካ የተቀጠረውን ወጣት። ይህን ሁሉ ሰው ያሰፈረው መሬት ደግሞ ባለቤት ነበረው። አብዛኛው የኦሮሞ ገበሬ ሲሆን፣ አንዳንዱ በትንሽ ካሳ ተነሥቶ፣ አንዳንዱ እርሻውን በካሬ ሸንሽኖ ሸጦ፣ ልጁ በአባቱ ማሳ ላይ በተሠራ ቤት ዘበኛ ሲሆን አይቷል።

በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የገጠመው በዚህ መሬት ምክንያት ነው። ተቃውሞውን ያነሡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ እንደገና ሲቀጣጠልም የጀመሩት ተማሪዎች ናቸው። ዕቅዱ በጥር 2008 ተሰረዘ፤ እስከዚያ ድረስና ከዚያም በኋላ ብዙ ወጣት ሞቷል። ዐሥረኛውን እሴት፣ ንቁ ማኅበረሰባዊ ተሳትፎን፣ ክፍል ውስጥ በጠመኔ የጻፈ ተማሪ መንገድ ላይ ሲሞክረው ጥይት ጠበቀው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከግጭቱ ውጭ ቆሞ የሚመክር ሽማግሌ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ውስጡ ነበር።

መስከረም 2011

ከዚያ ዓመቱ ተገለበጠ። ለውጥ መጣ ተባለ፣ ከስደት የሚመለሱ ፖለቲከኞች በየሳምንቱ አቀባበል ይደረግላቸው ጀመር። በ2011 የአዲስ ዓመት ሳምንት የኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሪዎች ሊገቡ ሲሉ አዲስ አበባ ውስጥ በሰንደቅ ዓላማ ቀለም ጠብ ተነሣ፤ አስፋልትና አጥር የማን ቀለም ይቀባ የሚል ጠብ። ከመስከረም 4 እስከ 6 ባሉት ቀናት ቡራዩ ውስጥ፣ አሸዋ ሜዳና አካባቢው፣ ሰው በቤቱ ተገደለ። ከተጠቁት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ ጉራጌዎችና ሌሎችም ነበሩበት። ፖሊስ በመጀመሪያ የ23 ሰዎችን ሞት ተናገረ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቁጥሩን 58 አደረሰው። ሺዎች ሸሹ።

የሸሹት የት ገቡ? ብዙዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ገቡ። ወሩ መስከረም ነው፤ ክፍሎቹ ለምዝገባ ተጠርገው፣ ዴስኮቹ ተደርድረው ነበር። ዴስኮቹ ወደ ጥግ ተገፍተው ፍራሽ ተነጠፈ፤ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ሕፃን ተኛ። የአካባቢው ሰው እንጀራና ብርድ ልብስ ተሸክሞ በትምህርት ቤቱ በር ገባ። ትምህርት ቤት በዚያ ሳምንት ለሰላም ያደረገው ትልቁ ነገር በሩን መክፈቱ ነበር። ይህን የምለው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። ትምህርት ቤት ከመምህሩና ከመጽሐፉ በፊት አጥርና ጣሪያ ያለው፣ የማንም ቤት ያልሆነ የሁሉም ቤት ነው። ይህን ባሕርይውን እንያዘው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው የዚያ ሳምንት ትምህርት የተሰጠው አርባ ምንጭ ነው። የቡራዩ ወሬ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ወጡ፤ ወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሣር ይዞ የለመነን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው፤ ወጣቱም ተመለሰ። በቪዲዮ አገር ሁሉ አይቶታል። ሽማግሌዎቹ የሕግ የበላይነትን ትርጉም አላስተማሩም፣ የእኩልነትን ዓይነቶች አልዘረዘሩም። አንድ ምልክት ነበራቸው፤ ምልክቱን ደግሞ ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን የምከሰው። በዚያው ዓመት 9ኛ ክፍል የገባ የጋሞ ልጅ፣ የኦሮሞ ልጅ፣ የአማራ ልጅ፣ ሁሉም የሥነ ዜጋ መጽሐፋቸውን ሲከፍቱ ያገኙት ያንኑ ዐሥራ አንድ ምዕራፍ ነው። መጽሐፉ ትርጉም ይሰጣል፣ ዓይነቶች ይዘረዝራል፣ በመጨረሻ የማጠቃለያ ጥያቄ ይጠይቃል። የሚናገርበት ድምፅ የማንም አይደለም፤ ከላይ ነው የሚመጣው። ሰዎች ቢኖሩበት እሴቱን ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው፤ ታታሪው ይበለጽጋል፣ ሰነፉ ይጸጸታል። አንድም ሰው አይፈራም። አንድም ሰው ጎረቤቱን ሸሽጎ አላዳነም፣ አንድም ሰው ጎረቤቱን ጠቁሞ አላስመታም። መስከረም 2011 አሸዋ ሜዳ ያደረው ልጅ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን የሚያገኝበት አንድ ገጽ የለም።

ይሄ የድርሰት ጉድለት ነው፤ የፖለቲካ ብቻ አይደለም። ድሮ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን ሲያዘጋጁ ልጅ ግብረ ገብን የሚይዘው በተረትና በታሪክ መሆኑን ያውቁ ነበር። ያ መጽሐፍ የሚናገረው በአንድ ቋንቋ፣ ከአንድ ማዕከል መሆኑ የራሱ ችግር አለው፤ ኦሮምኛ ከመማሪያ ክፍል ውጭ በነበረበት ዘመን ቤቱ በሌላ ቋንቋ ተረት የሰማ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አፉን እንደገና መፍታት ነበረበት። ሥነ ዜጋ ያን ማዕከል አፍርሶ ብዙ ብሔር ብሔረሰብ አስገባ፤ ተረቱን ግን አብሮ አስወጣ። ብዝኃነት ገባ፣ ሰው ወጣ።

ስምንት ዓመት ጎን ለጎን

መጽሐፉን እንተወውና ግቢውን እናንብብ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመማር መብት ሰጠው። በዚህ መብት ላይ አልከራከርም፤ ለኦሮሞ ልጅ በተለይ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። በኦሮሚያ ክልል ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል። እንደ ቡራዩና ሰበታ ባሉ ከተሞች ደግሞ አማርኛ ተናጋሪው ብዙ ስለሆነ በአማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች አሉ፤ አንዳንዴ ሌላ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴ በአንድ ግቢ ሌላ ሕንፃ። ከዚያ 9ኛ ክፍል ላይ ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ።

ይህን ቀስ ብለን እንየው። ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆች፣ በአንድ ቧንቧ ውኃ የሚቀዱ፣ ስምንት ዓመት ተለያይተው ይማራሉ። የመጀመሪያውን ተረት፣ የመጀመሪያውን ፍቅር፣ የመጀመሪያውን ስድብ የሚያነቡትና የሚሰሙት በየቋንቋቸው ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው አንድ ክፍል ገብተው በእንግሊዝኛ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም አጥርተው በማይችሉት ቋንቋ። ዐሥራ አንዱን እሴቶች የሚማሩትም ያኔ፣ በዚያው ቋንቋ ነው። «ጁስቲስ» የሚለውን ቃል ለፈተና ያጠናሉ፤ ፍትሕ እና ሀቃ ምን እንደሚለያቸውና ምን እንደሚያገናኛቸው ግን ማንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አላሳያቸውም።

ዓለም ይህን ያውቀዋል። ቦስኒያ ከጦርነቱ በኋላ «ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ጣሪያ» የሚባል ሥርዓት ፈጠረች፤ የክሮኤሽያና የቦስኒያክ ልጆች በአንድ ሕንፃ በተለያየ በር ይገባሉ፣ በተለያየ መጽሐፍ ይማራሉ። የታሰበው ለጊዜው ነበር፤ ጊዜያዊው ዐሥርት ዓመታት ዘለቀ። ኬኔት ቡሽና ዲያና ሳልታሬሊ በ2000 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጥናት ትምህርት በብሔር ግጭት ውስጥ ሁለት ፊት እንዳለው ጽፈዋል፤ ያው ክፍል ሊያቀራርብም ሊለያይም ይችላል። «ትምህርት የሰላም መሠረት ነው» የሚለው ባነር ይህን ሁለተኛ ፊት ይረሳዋል። ሰው ትምህርት ስላገኘ ብቻ ገር አይሆንም። ጥላቻን በሥርዓት አስቦ፣ ጽፎ፣ አሳትሞ የሚያሰራጨው አብዛኛውን ጊዜ የተማረው ነው።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሁሉንም በአንድ ቋንቋ ማስተማር ነው» ይላል። ያ መንገድ ተሞክሯል፤ የዛሬው ቁስል ከፊሉ የዚያ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ሁለቱም ልጅ የሁለቱንም ቋንቋ ይማር፤ እንደ ፈተና ትምህርት ሳይሆን የጎረቤቱን ተረት እንደሚሰማበት ቋንቋ። እስራኤል ውስጥ ነቬ ሻሎም ወይም ዋሃት አስ-ሰላም በሚባል መንደር ከ1984 ጀምሮ አይሁድና ፍልስጥኤማውያን ልጆች በዕብራይስጥና በዐረብኛ አብረው ይማራሉ። ጦርነቱን አላስቆመም፤ ማንም እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ጦርነት ያስቆማል ብሎ ቃል ሊገባ አይገባም። ያደረገው ነገር ትንሽና ትክክለኛ ነው፦ ሌላው ሲያለቅስ በምን ቃል እንደሚያለቅስ የሚያውቅ ልጅ ማሳደግ።

የቡራዩ የአማርኛ ተማሪ ኦሮምኛ አለማወቁን እንደ ኩራት፣ የኦሮምኛው ተማሪ አማርኛ ማወቁን እንደ ውርደት ከቆጠሩት፣ ቋንቋው የመጣው ከሰዋስው መጽሐፍ አይደለም፤ ከትልልቆቹ ነው። ይሄንን ትምህርት ቤት ብቻውን አይነቅለውም። ቢያንስ ግን ሁለት በር ሠርቶ አያጽናው።

የሰንደቁ ምሰሶ

በኅዳርና በታኅሣሥ 2015 ጠቡ ከአሸዋ ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ትምህርት በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ይሰቀል፣ መዝሙሩ ይዘመር የሚለው ጉዳይ በተማሪዎች መካከል ግጭት አስነሣ። ተማሪዎች ተጎዱ፣ ታሰሩ፣ ትምህርት ተቋረጠ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩ በውይይት እንዲፈታ ጠየቀ።

በዚያ ሰሞን ክርክሩ ሁሉ ስለ ሕግ ነበር። ከተማው የማን ነው? ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል? የትኛው ሥርዓተ ትምህርት የየትኛውን መዝሙር ይዞ ይመጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁለቱም ወገን መልስ ነበረው። ያልተጠየቀው ጥያቄ የትምህርት ቤቱ ነው፦ ሰልፍ ምንድን ነው? ልጅ በየጠዋቱ ደብተሩን ይዞ ተሰልፎ የሚያየው ምሰሶ አንድ ነገር ይነግረዋል። ለአንዱ «ቤትህ ነው» ሲለው ለሌላው «እንግዳ ነህ» ካለው፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀምር የዕለቱ ዋና ትምህርት አልቋል። ከዚያ በኋላ መምህሯ ገብታ ስለ መቻቻል ብታስተምር ማን ይሰማታል?

ሁለቱንም ልጆች ሳስብ አዝናለሁ። አንዱ አያቱ በቋንቋዋ ስትናገር ከተማ ውስጥ ስትሳቅባት የሰማ ነው፤ መዝሙሩ ለእርሱ የተነሣ አንገት ነው። ሌላው የመስከረም 2011ን ሌሊት የሚያስታውስ፣ ወይም ሲወራ የሰማ ነው፤ ያው ሰንደቅ ለእርሱ ከዚያ ሌሊት ጋር ተያይዟል። ሁለቱም ስሜት እውነት ነው። ትልልቆቹ ተነጋግረው ያልፈቱትን ለሁለት ታዳጊዎች ጠዋት በሰልፍ ላይ ፍቱት ብለው ሰጧቸው። መስከረም 2011 ሸሽቶ የመጣውን ሁሉ ሳይጠይቅ የተቀበለው ያ የማንም ያልሆነ ቤት፣ በአራት ዓመት ውስጥ የማን እንደሆነ እንዲናገር ተገደደ።

ዝምታውም ያስተምራል

በሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በተከተለው ሁከት ውስጥ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ በ2013 ባወጣው ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ከሟቾቹ ውስጥ በጸጥታ ኃይል ጥይት የተገደሉ አሉ፤ በማንነታቸው ተለይተው በጎረቤት እጅ የተገደሉም አሉ። ትምህርት ቤቶች በዚያ ጊዜ በኮሮና ተዘግተው ነበር። ሲከፈቱ ደግሞ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት ብዙ ተነገረ። ስለ ሆነው ነገር በክፍል ውስጥ የሚነገርበት ሰዓት በየትኛውም የትምህርት መርሐ ግብር ላይ አልተጻፈም።

የመምህሩን ቦታ እረዳለሁ። ደመወዙ አይበቃውም፣ ክፍሉ ተጨናንቋል፣ አንድ ቃል ቢሳሳት ከሁለቱ ወገን የአንዱ ወላጅ በር ላይ ይቆማል፣ ከቀበሌ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል። ዝም ማለቱ ጥበብ ነው። ግን ልጁ ዝምታውንም ያነበዋል። ትምህርት ቤት የማያነሳው ነገር ቤት ውስጥ፣ ስልክ ላይ፣ ጫት ቤት ይነሳል፤ እዚያ ደግሞ የሚያርም የለም፣ «ማን አለ? በምን አወቅህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሩዋንዳ ከ1994ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ የታሪክ ትምህርትን ለረጅም ጊዜ ከክፍል አስወጥታ ነበር፤ አሮጌው መጽሐፍ መርዝ ነው፣ አዲሱ ገና አልተስማማንበትም ተብሎ። ምክንያቱ ይገባል። ውጤቱ ግን ታሪኩን በመንግሥት ድምፅ ብቻ የሚሰማ ትውልድ ነው ብለው የሚተቹ አሉ። እኛም የታሪክ መጽሐፍ ባዘጋጀን ቁጥር እንጣላለን፤ ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ስንት እንዳነጋገረ እናስታውሳለን። ያ ጠብ ስለ ምኒልክ ዘመን ነው። የራሳችን ዘመን፣ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩት፣ ለጠብ እንኳ አልበቃም።

አሁን ሥነ ዜጋ ስሙ ተቀይሯል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታናናሾቹ ግብረ ገብ፣ ለሁለተኛ ደረጃ የዜግነት ትምህርት ሆኗል፤ አገር በቀል ዕውቀት ይግባ ተብሏል። ይህ መልካም ነው። ሥጋቴ ግን የጋሞ እርጥብ ሣርና የኦሮሞ ሲንቄ በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ዐሥራ ሁለተኛና ዐሥራ ሦስተኛ እሴት እንዳይገቡ ነው፤ ትርጉም፣ ዓይነት፣ ጥቅም፣ የማጠቃለያ ጥያቄ። ሲንቄ የያዘች ሴት በሁለት ጠበኞች መካከል ስትቆም ማንም አልፏት አይማታም የሚለውን ልጅ በአረፍተ ነገር አጥንቶ ማለፊያ ነጥብ ሊያገኝበት ይችላል። ጥያቄው ግን አሸዋ ሜዳ ላይ በዚያ ሌሊት ሲንቄዋ የት ነበረች የሚለው ነው። ጉማ፣ ማለትም ነፍስ የጠፋበትን ደም የሚያደርቀው የኦሮሞ ሥርዓት፣ ገዳይ እንዲታወቅና እንዲናዘዝ ይፈልጋል። በሺህ ሰው መሀል የተገደለን ሰው ጉማ ማን ይከፍላል? ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይችለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከእኛ ይልቅ እርሱ ይችለዋል።

ጥሩ መጽሐፍ ምን ይመስላል?

ሂስ ጉድለት ብቻ ቆጥሮ አይሄድም። እኔ ላነበው የምፈልገውን መጽሐፍ በአጭሩ ልበል።

የመጀመሪያው ገጹ ላይ ትርጉም የለም፤ ቦታ አለ። ቡራዩ፣ ገፈርሳ ግድብ፣ የአምቦ መንገድ። መሬቱ የማን እንደነበረ፣ ማን መቼ እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ በሁለት ቋንቋ፣ ገጽ ለገጽ። የገበሬው ልጅ የአባቱን መሬት ታሪክ ሸማኔው ፊት ሲያነብ፣ የሸማኔው ልጅም የሸሸበትን ሌሊት ገበሬው ፊት ያነባል። ሁለቱ ታሪኮች አንዱ ሌላውን አይሰርዙም፤ ልጆቹ የመጀመሪያውን ትልቅ ትምህርት እዚህ ያገኛሉ፦ የአንተ ሕመም እውነት መሆኑ የእኔን ውሸት አያደርገውም። መሬቱን በመቀማት የተበደለ ሰው ጎረቤቱን ለመግደል መብት አያገኝም፤ የተገደለበት ሰውም መሬቱ እንዴት እንደተወሰደ ላለመስማት መብት የለውም።

ቀጥሎ ያዳኑ ሰዎች አሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ጎረቤቱን ቤቱ የሚደብቅ ሰው በየትም አገር አይጠፋም፤ ስሙ ግን ተሰብስቦ አይጻፍም። ልጆች ራሳቸው ሄደው ከወላጆቻቸውና ከሰፈር ሽማግሌ ይጠይቁ፣ ይጻፉ። ይሄ የታሪክ ዘዴም ነው፣ የዕርቅ ሥራም ነው።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ካለ ግቢው ይምሰለው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በየማለዳው ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣት ሯጮች አብረው ይሮጣሉ፤ ትንፋሽ ሲያጥር ማንም ብሔር አይጠይቅም ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ያ ቀላል ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይጠይቃሉ። ጠይቀውም ግን ነገ ጠዋት አብረው ይሮጣሉ፤ ምክንያቱም አንዱ ያለሌላው ፍጥነቱን አይጠብቅም። የጋራ ሥራ ከጋራ ስብከት የሚበልጠው በዚህ ነው።

ሰበታ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ አለ። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ዓይነ ስውራን ልጆችን በአዳሪነት ሲያስተምር ኖሯል። ከዚያ ወጥተው መምህር፣ ጠበቃ፣ የመብት ተሟጋች የሆኑ ብዙ ናቸው። ገነት ነበረ አልልም፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ገነት ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ልጁ ጓደኛውን የሚያውቀው በድምፁ፣ በእርምጃው፣ ብሬሉን በሚያነብበት ፍጥነት ነበር። አልጋ ለአልጋ ተኝተው ሌሊት ሲያወሩ የማን አገር ተረት የማን እንደሆነ ይቀላቀላል። ሰላም የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለመገንባት ወደ ሰሜን አየርላንድ ሄደን በ1981 በ28 ተማሪዎች የጀመረውን ላገን ኮሌጅ ማጥናት እንችላለን፤ ጥሩ ነው። ሰበታ ግን ቅርብ ነው።

አራተኛና የመጨረሻ፣ ልጁ ነገም እዚያው ትምህርት ቤት የሚመጣ መሆን አለበት። በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑም አፈራረሱን ተችቷል። ቤቱ በትምህርት ዓመቱ መሀል የፈረሰበት ልጅ ምን ያህል ጥሩ መጽሐፍ ብንጽፍለት አያነበውም፤ ሄዷል። ትምህርት ቤት ሰላም ይገንባ ብሎ የሚናገርና ቤት አፍርሶ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ አካል አንድ ከሆነ፣ ልጁ ከሁለቱ የትኛውን ትምህርት እንደሚይዝ መጠየቅ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ የምለው ጊዜ ስላለን አይደለም። በመስከረም 2011፣ በዚያው ሳምንት፣ ቡራዩ ውስጥ 1ኛ ክፍል የተመዘገበ ልጅ አለ። አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ክፍል። ሳያቋርጡ ከተማሩ ሁለቱ በመስከረም 2019 9ኛ ክፍል ይገባሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል፣ ምናልባት አንድ ዴስክ። አንዱ ቤተሰቡ ሸሽቶ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። የሌላው ወንድም በዚያ ሌሊት የት እንደነበረ ቤት ውስጥ አይነሳ ይሆናል። መምህሩ ገብቶ የዜግነት ትምህርት መጽሐፉን ገጽ አንድ ላይ ክፈቱ ይላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ።